የበሩ ሆድ ወረቀት ነው፤ ተሸወድኩ እንዴ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት እየጨረሰች ነው። ለመኝታ ክፍሎቹ ሁለት በር ገዛች። አናጢው ለቁልፍ ሲበሳው ከውስጥ የወጣው ወረቀት ሆነ። «እንደ ማር እንጀራ የተያያዘ ካርቶን ነው። ባለሱቁ ግን ድፍን እንጨት ነው ብሎኝ ነበር። ተሸወድኩ እንዴ?» ትላለች። ሁለት ነገር ደግሞ ጨምራለች። ለጣሪያው ነጭ ፎም ልትገዛ ሁለት ሱቅ ጠይቃ መልኩ አንድ የሆነ ፎም ዋጋው በጣም ተራራቀባት። ግንበኛዋ ደግሞ ወለሉም ላይ ፎም አንጥፈን ኮንክሪት እናፍስበት ይላል፣ አይሰምጥም ወይ?

እህቴ፣ ከበሩ ልጀምር። ባለሱቁ ዋሽቶሻል። በሩ ግን መጥፎ በር ነው ማለት አይደለም። ሆዱ ወረቀት የሆነ በር ለመኝታ ቤት በየአገሩ የተለመደ ነው፣ ውሃ ካልነካው ለዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ይኖራል። ለውጭ በር ሸጦልሽ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ለውጭ አይሆንም፤ ለዝናብም ለሌባም።

እኔ ገላን በኩል ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። የፍሪጅ መኪና ቦዲና ቀዝቃዛ ክፍል እንሠራለን፤ ቀኑን ሙሉ ፎም ስንቆርጥና ስናጣብቅ ነው የምንውለው። ስለዚህ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይረዝማል፣ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

አንቺ ሳታውቂው ትክክለኛውን ቃል ተጠቅመሻል። «የማር እንጀራ» ብለሻል። ንቧ የምትሠራውን የሰም ቤት አማርኛ እንጀራ ያለው በከንቱ አይመስለኝም፤ ሁለቱም አይን አላቸው። ሊጡ ውስጥ እርሾው የፈጠረው ጋዝ የምጣዱ ሙቀት ሲያገኘው ይነፋል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይፈነዳል። ሊጡ ግን የአረፋውን ቅርጽ እንደያዘ በስሎ ይቀራል። «አይኑ እንዴት አምሮ ወጥቷል» ስትይ የምታደንቂው ፎም ነው። ዳቦም ፎም ነው። ስፖንጅ ፍራሽም እንደዚያው። ጠጣር ነገር ውስጥ አየር ሲታሰር ፎም ይባላል፤ አይኖቹ በአንድ አቅጣጫ ቱቦ ቱቦ ሆነው ሲደረደሩ ደግሞ የማር እንጀራ ይሆናል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አይን» ስል እነዚህን ክፍተቶች ማለቴ ነው።

የቤትሽ ግድግዳም ከዚህ አያመልጥም። ብሎኬቱ የተሠራው ከፑሚስ ወይም ሬድ አሽ ከሚሉት ቀይ ጠጠር ከሆነ፣ ያ ጠጠር ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ አረፋ እያለ የደረቀ ድንጋይ ነው። አንዷን ፍሬ ሰብረሽ እያት፤ በአይን የተሞላች ናት። ፑሚስማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ብሎኬቱ ራሱ ደግሞ መሃሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ወረቀት አገኘሁ ብለሽ ስትደነግጪ፣ የተደገፍሽበት ግድግዳ ባብዛኛው አየር ነበር።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። ሶፍት ሲያልቅ መሃሉ የምትቀረውን የካርቶን ቱቦ ውሰጂ። ጠረጴዛ ላይ አቁሚያትና መጽሐፍ ደርድሪባት። ሁለት ሦስት አራት ወፍራም መጽሐፍ ትሸከማለች። ቀጥሎ አስተኝተሽ በአንድ ጣት ተጫኛት። ጭፍልቅ። ካርቶኑ ያው፣ ክብደቱ ያው። የተለወጠው ጫናው የመጣበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ስትቆም ጫናው በግድግዳዋ ርዝመት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስትተኛ ግን ግድግዳዋ ይታጠፋል፣ ስስ ነገር ደግሞ ለመታጠፍ ሰበብ አይፈልግም። ውፍረቱን ግማሽ ብታደርጊው ለመታጠፍ ያለው ግትርነት ግማሽ ሳይሆን አንድ ስምንተኛ ነው የሚሆነው።

የማር እንጀራ ላይ በቁጥር ልንገርሽ። የእያንዳንዱ ግድግዳ ውፍረት የጎኑን ርዝመት አንድ ሃያኛ ይሁን። ያን ጊዜ ከጠቅላላው ውስጥ ዕቃው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ሌላው አየር ነው። በቱቦዎቹ አቅጣጫ ስትጫኚው ግትርነቱ የድፍኑን 6 በመቶ ያህል ነው፤ ማለትም እያንዳንዷ ግራም ሙሉ ሥራዋን ትሠራለች። በጎን ስትጫኚው ግን 0.03 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ጠባይ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄ ነገር ጠንካራ ነው?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከምን እንደተሠራ አይደለም፤ ጫናው በየት በኩል እንደሚመጣ ነው።

በርሽ ውስጥ ያለው ወረቀት ቱቦዎቹ ወደ ሁለቱ ገጾች ፊታቸውን አዙረው ነው የቆሙት። ትክክለኛው አቀማመጥ እሱ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ ኮላ በመስመር በመስመር ይቀባል፣ ቀጣዩ ወረቀት ላይ መስመሩ ቦታ ይቀይራል፣ እንዲህ እየተደረበ ይጣበቃል። ከዚያ በቁመት ይቆረጥና እንደ አኮርዲዮን ይሳባል። ሲሳብ ስድስት ጎኑ በራሱ ይከፈታል። ከቀዳዳው ከወጣው ወረቀት አንዷን አይን ቀረብ ብለሽ ብታዪ ከስድስቱ ግድግዳ ሁለቱ ድርብ ናቸው፤ ኮላው ያለባቸው ናቸው። እስኪሳብ ድረስ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኮንቴይነር ውስጥ ብዙ ይጫናል። አየር ጭኖ ከባህር ማዶ ማምጣት የሚፈልግ ነጋዴ የለም።

ያው ዘዴ ነው በስስ አሉሚኒየምም የሚሠራው። ለአውሮፕላን ደግሞ ኖሜክስ የሚባል ሙቀት የሚችል ወረቀት በዚሁ መንገድ ተከፍቶ ሬዚን ውስጥ ይነከራል። በጣም የተለመደው ዓይነት አንድ ሜትር ኩቡ 48 ኪሎ ያህል ነው፤ ውሃ ቢሆን 1000 ኪሎ ይመዝን ነበር። ከቦሌ ተነስቶ በላይሽ በሚያልፈው አውሮፕላን ውስጥ ሰው የሚረግጠው ወለል፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት ሳጥን፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። የወረቀት ወለል ላይ ቆመሽ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቡና ትጠጫለሽ ማለት ነው። የአፖሎ 11 መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ስታርፍም እግሮቿ ውስጥ እንዲጨፈለቅ ተብሎ የተቀመጠ የአሉሚኒየም ማር እንጀራ ነበር።

ግን ወረቀቱ ብቻውን ምንም አይደለም። በሩን በር ያደረገው ሁለቱ ገጽ ነው፤ ኮምፖንሳቶ ይሁን ኤምዲኤፍ የሚሉት ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ። እዚህ ላይ ደብተር አስቢ። 50 ቅጠል ደብተር በቀላሉ ይታጠፋል፣ ምክንያቱም ሲታጠፍ ቅጠሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። ቅጠሎቹን ሁሉ በኮላ ብታጣብቂያቸው ደብተሩ ጣውላ ይሆናል። የመሃሉ ነገር ሥራው ይሄ ነው፤ ሁለቱን ገጽ አራርቆ መያዝና እንዳይንሸራተቱ ማድረግ። በሩን ስትገፊው አንዱ ገጽ ይሳባል፣ ሌላው ይጨመቃል፤ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በዘርፉ ደጋግሞ የሚጠቀስ ስሌት አለ። አንድ ድፍን ቆርቆሮ ውሰጂ። ውፍረቱን ለሁለት ሰንጥቀሽ መሃሉ ላይ ማር እንጀራ አስገቢና ጠቅላላ ውፍረቱን ሁለት እጥፍ አድርጊው፤ ግትርነቱ 7 እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱ ግን 3 በመቶ ብቻ ይጨምራል። አራት እጥፍ ብታደርጊው ግትርነቱ 37 እጥፍ፣ ክብደቱ 6 በመቶ ጭማሪ። ይህን ስሌት መጀመሪያ ስማር መምህሩ የተሳሳተ መስሎኝ ቤት ገብቼ ደግሜ ሠርቼዋለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ንብ ለምን ስድስት ጎን መረጠች? ወለል ክፍተት ሳይተው፣ ጎናቸውም ማዕዘናቸውም እኩል በሆኑ አንድ ዓይነት ቅርጾች የሚሸፈነው በሦስት ጎን፣ በአራት ጎን ወይም በስድስት ጎን ነው። እኩል ቦታ ለመከለል ስድስት ጎኑ ከአራት ጎኑ 7 በመቶ ያነሰ ግድግዳ ይበቃዋል። ከየትኛውም ቅርጽ የሚሻለው ይሄ ነው የሚለውን ሰው ለሁለት ሺህ ዓመት ሲገምተው ኖሮ፣ በሒሳብ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቶማስ ሄልስ የሚባል አሜሪካዊ አረጋገጠው። ልብስ ስታጥቢ የኦሞውን አረፋ ብታስተውዪም ሦስት ሦስት ግድግዳ በእኩል ማዕዘን ሲገናኝ ታያለሽ። አረፋው ማንም ሳያስተምረው ነው።

በሩ ላይ የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ሳይሆን ኮላው ነው። ሁለት ገጽ መሃላቸው ሌላ ነገር ሲይዙ እኛ ሳንድዊች እንለዋለን፤ ገጹ ከወረቀቱ ከተላቀቀ ሳንድዊቹ ሳንድዊች መሆኑ ይቀራል፣ ሁለት ስስ ቅጠል ብቻ ይተርፍሻል። ይህን ደግሞ በቤትሽ መፈተሽ ትችያለሽ። የአንድ ብር ሳንቲም ያዢና በሩን ከላይ እስከ ታች ጣ ጣ እያደረግሽ መቺው። በደንብ የተጣበቀበት ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀበት ቦታ ዱም ይላል፤ የታፈነ። እንዳታስቂ፣ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኞችም ይህንኑ በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ያደርጉታል። እነሱም ዋናው ራስ ምታታቸው ውሃ ነው፤ ገብቶ አይኖቹ ውስጥ ይቀመጣል፣ አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ በረዶ ይሆናል፣ ይገፋል፣ ገጹን ይልጣል። ያንቺ በር ላይ የሚሆነው ከዚህ ቀላል ነው፤ ወለል ስታጥቢ የበሩ የታች ጠርዝ ውሃ ይጠጣል። እሱን ጠርዝ ሁለቴ ቀለም አስቀቢው። አናጢዎች የማይታይ ነው ብለው ይዘሉታል።

ወደ ፎሙ እንሂድ። ገንዘብሽ ያለው እዚህ ነው።

ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ነው። ፋብሪካ ሲገባ እንደ ስኳር ያለ ትንንሽ ፍሬ ነው፤ ውስጡ ፔንቴን የሚባል ጋዝ አለ። በእንፋሎት ሲሞቅ ፍሬው እስከ 40 እጥፍ ይነፋል፤ ፈንዲሻ በይው። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ተሞልቶ እንደገና በእንፋሎት ይጣበቅና በጋለ ሽቦ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ስትሰብሪው ፍሬ ፍሬ የሚለው። 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው። ሁለቱ ሱቅ ያሳዩሽ ያው ፕላስቲክ ነው፤ የተለያየው ምን ያህል እንደነፉት ነው። ብዙ ከተነፋ ፕላስቲኩ ያንሳል፣ ዋጋውም ያንሳል። ነጋዴዎቹ «ዴንሲቲ» የሚሉት ይሄ ነው፤ አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ ነው ማለት ነው።

ባለሱቁ «ሃያ ነው» ቢልሽ አትመኚ፣ ሚዛን ይዘሽ ሂጂ። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሉህ 0.1 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ 20 ከሆነ 2 ኪሎ መመዘን አለበት። 15 ከሆነ 1.5 ኪሎ። 1 ኪሎ ከሆነ 10 ነው፣ ዋጋውንም በዚያ ልክ ተከራከሪ። ውፍረቱንም በሜትር ለኪ፤ አምስት ተብሎ አራት ተኩል የሆነ ስንቱን አይቻለሁ።

ዴንሲቲው ለውጥ የሚያመጣው የት ላይ ነው? ጫና ላይ። 15 ገደማ የሆነው በ70 ኪሎፓስካል ጫና (የጫና መለኪያ ነው፤ ወለሉ ላይ ስንደርስ እተረጉምልሻለሁ) 10 በመቶ ይጨመቃል። 29 ገደማ የሆነው እዚያ ለመድረስ 200 ይፈልጋል። ክብደቱ ሁለት እጥፍ፣ ጥንካሬው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሙቀት ላይ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሙቀት የሚያግደው ፕላስቲኩ አይደለም፤ አይኖቹ ውስጥ ቆሞ የቀረው አየር ነው። አየር በጣም ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ነው፣ ችግሩ ሲሞቅ ይንቀሳቀሳል። ጥቃቅን አይን ውስጥ ስታስሪው መንቀሳቀሻ ያጣል። ሙቀት የማስተላለፍ ቁጥሩን ብናይ የቆመ አየር 0.025 አካባቢ ነው፣ ነጭ ፎም ከ0.035 እስከ 0.04፣ ያልተነፋው ድፍን ፖሊስታይሪን ደግሞ 0.15 ገደማ። ቁጥሩ ባነሰ ሙቀት ያሳልፋል ማለት ያነሰ ነው። እንግዲህ ለጣሪያ 15ቱ በቂሽ ነው፤ ለ25 ገንዘብ አትክፈዪ። ከዴንሲቲ ይልቅ ውፍረት ጨምሪ።

ባዶ ቆርቆሮና 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ያለበት ጣሪያ ሲወዳደሩ የሚያልፈው ሙቀት አሥር እጥፍ ያህል ይለያያል። በቀን ከላይ የሚወርደው ሙቀትም፣ ማታ የሚያመልጠውም። ቱሉ ዲምቱ የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮው ወደ ጠራ ሰማይ ሙቀቱን እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፣ ሊነጋጋ ሲል ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ሰው ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ቆርቆሮ ሰሪ ይጠራል፤ የሚያፈሰው የራሱ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ፎሙን ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቂው። ኮርኒሱ ላይ አስተኚው፣ በቆርቆሮውና በፎሙ መሃል አየር የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ሌላም ምክንያት አለ፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ በጣም ይግላል፣ ነጭ ፎም ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መኮማተር ይጀምራል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሚሰማውን ጩኸት ያስቆምልኛል ብለሽ ከሆነ ግን ተስፋ አታድርጊ። ነጭ ፎም አይኑ ዝግ ነው፣ ድምፅ አይውጥም። ድምፅ የሚውጠው አየር የሚያስገባ ነገር ነው፤ አይኑ ክፍት የሆነ ስፖንጅ፣ ወይም የድንጋይ ሱፍ። ይህን ልዩነት ለማወቅ ነፋ አድርጊበት። የፍራሽ ስፖንጅ ትንፋሽሽን ያሳልፋል፤ ነጩ ፎም አያሳልፍም። ውሃም እንደዚያው፤ ስፖንጁ ይጠጣል። ፍራሽ ሻጮች ደግሞ ሌላ ማደናገሪያ አላቸው፣ ዴንሲቲውን ከጥንካሬው ጋር ያምታቱታል። ከባድ ስፖንጅ ቶሎ አይሞትም እንጂ የግድ ጠንካራ አይደለም። ይሄ ሌላ ቀን።

እሳትን ሳልናገር አላልፍም። ነጭ ፎም ይነዳል፤ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ እየቀለጠ እየተንጠባጠበ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ግሬንፌል የሚባል ፎቅ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ። እሳቱን ከፎቅ ፎቅ ያዛመተው በዋናነት የውጭ ልባሱ ነበር፤ ሁለት ስስ አሉሚኒየም መሃላቸው ፕላስቲክ። ከኋላው ደግሞ ፎም ነበር። ሳንድዊች ነው ያውም። ከላይ ብረት ስለሚመስል ሰው የሚነድ አይመስለውም። ስለዚህ ፎሙ በአይን የሚታይ ሆኖ አይቅር፤ ከሥሩ ጂፕሰም ቦርድ ይሁን። እሳት የሚቋቋም ዓይነትም አለ፣ ጠይቂ። ኩሽና ላይ፣ ምጣድና ምድጃ ካለበት በላይ፣ እኔ ብሆን ፎም አላስገባም። የኤሌክትሪክ ሽቦም በቀጥታ ፎሙ ላይ አይተኛ። ሽቦው ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል፤ ደግሞ የሽቦው የፕላስቲክ ልባስ ከነጭ ፎም ጋር ለረጅም ጊዜ ሲነካካ ማለስለሻው ወደ ፎሙ ይሸሽና ልባሱ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ይህን ኤሌክትሪሺያኖች ራሳቸው ብዙዎቹ አያውቁትም። በቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ስለማጣበቅ ካነሳሁ አይቀር፣ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ለዱከም መንገድ ዳር ኪዮስክ አዘዘኝ። ግድግዳው ስስ ላሜራ፣ መሃሉ ነጭ ፎም። ልጆቹ ላሜራው ላይ ማስቲሽ ቀቡ፣ ፎሙን ገጠሙ፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ ወደ ቤት ሄድን። ጠዋት ስመለስ ከውጭ ሲያዩት ድንቅ ነው። ክብደቱን ለማየት ጥግ ጥጉን ይዤ ሳነሳው ላሜራው ወደ ውስጥ እንደ ጉንጭ ጎደጎደ። ከፈትነው። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፎሙን በልቶት አድሯል፤ መሃሉ ላይ እንደ ታኘከ ማስቲካ የሚጎተት ነገር ነበር፣ ዳርዳሩ ላይ ያልተበላው ፎም እንደ አይጥ የጎረሰው አይብ ቆሟል። አራት ግድግዳ እንዲሁ። ደንበኛው ከሰዓት ሊወስድ ይመጣል። ቤንዚንም፣ አሴቶንም፣ የዘይት ቀለም ማቅጠኛም አንድ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ግንበኛሽ ወይም አናጢሽ ፎም ላይ ማስቲሽ ሲያነሳ ካየሽ እጁን ያዢው። በውሃ የሚሠራ ኮላ፣ ወይም ለፎም ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ይጠቀም። ጥርጣሬ ካለሽ ቁራጭ ላይ ጠብ አድርገሽ አንድ ሰዓት ጠብቂ።

የወለሉ ጥያቄ። አይሰምጥም፤ በትክክል ከተሠራ። 70 ኪሎፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 7 ቶን ያህል ነው። ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ረግረግ አፈር ላይ መንገድ የሚሠሩት ግዙፍ የነጭ ፎም ብሎኮችን ደርድረው ነው፤ በላዩ የጭነት መኪና ይሄዳል። ችግሩ ጫናው ሲከማች ነው። 50 ኪሎ የሆነች ሴት ባለ ታኮ ጫማ አድርጋ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ብትቆም 5000 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ኮንክሪቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጫናውን ያሰፋዋል። እዚህም ገጽና መሃል ነው ነገሩ።

ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ጫና፣ ለቁምሳጥን፣ ለፍሪጅ፣ 70 የሚለውን ቁጥር አትመኚበት። ፎም ቀስ በቀስ ይተኛል። 1 በመቶ ብቻ የሚጨመቅበትን ጫና ነው መያዝ ያለብሽ፤ 15ቱ ላይ 25፣ 19 ገደማ በሆነው ላይ 40 ኪሎፓስካል ነው። ስለዚህ ለወለል ከ20 በታች አትግዢ። አፈሩ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ላስቲክ ይነጠፍ፣ ፎሙ በላዩ፣ እንደገና ላስቲክ፣ የሽቦ መረብ፣ ከዚያ ከ7 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ኮንክሪት። ሊሾው ከዚያ በኋላ።

ግን እህቴ፣ የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ወለሉን ተዪው። ለእኛ አገር ብርድ ወለል ላይ ፎም ቅንጦት ነው፤ ያንን ብር ጣሪያው ላይ ጨምረሽ 5ቱን 8 ሳንቲ ሜትር ብታደርጊው ይሻልሻል። ደግሞ የናንተ ሰፈር አፈር ዋልካ ከሆነ፣ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ወለሉን የሚሰብረው እሱ ነው፤ ፎም አያድንሽም። ግንበኛው ፎሙን ለዚያ መድኃኒት አስመስሎ ነግሮሽ ከሆነ መጀመሪያ ዋልካውን አስቆፍረሽ አስወጪና በገረጋንቲ አስሞዪ።

አሁን የተበሳውን በር እናድን። እንዲህ ያለ በር ውስጥ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ላይ ድፍን የእንጨት ቁራጭ አለ፤ አንዳንዱ በሁለቱም ጎን፣ አንዳንዱ በአንድ ጎን ብቻ። አናጢሽ ወረቀት ያገኘው እንጨቱ የሌለበትን ጎን ወይም ከፍታ በስቶ ነው። ሁለተኛውን በር ከመንካቱ በፊት በሳንቲሟ ጠርዙን ይዞ ይምታ፣ እንጨቱ ያለበት ቦታ ድምፁ ይወፍራል። የበሩ ጠርዝ ላይ ምልክት ካለም ይፈልግ። ለተበሳው ደግሞ ከጠርዙ በኩል 10 በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረቀቱን በቺዝል ያውጣ፣ በልኩ የተላገ ደረቅ እንጨት ሁለቱን ፊት ነጭ ኮላ ቀብቶ ያስገባ፣ በሞርሳ ጥብቅ አድርጎ ይሰር። ያድራል። በማግስቱ አዲሱን ቀዳዳ እዚያው እንጨት ላይ ይብሳ፤ የድሮው ቀዳዳ ከእጀታው ሳህን ውጭ ከታየ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይደርብበት።